የልጄ የሁዳዴ ወተት

የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁት ዳንግላ ስልክ ቤት ስሠራ ነው። ሥራዬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ የሚደውለውን ሰው ከሚፈልገው ሰው ጋር በገመድ ማገናኘት ነበር። አራተኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር ስምና ቁጥር መጻፍ አያቅተኝም፤ ድምፅሽም ጥርት ያለ ነው ተብዬ ነው የተቀጠርሁት። በዚያን ጊዜ በከተማችን ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትሠራ ሴት እምብዛም አልነበረችም። እኔ ከተነሣሁ ወንበሩን የሚመኘው ብዙ መሆኑን አውቃለሁ። ባሌ በጫግኒ በኩል ከመንገድ ሠራተኞች ጋር ስለነበር ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ የሚልከውም አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይቀራል።

አለቃችን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፉ፣ ክፉ ቃል የማይወጣቸው ሰው ነበሩ። ሆዴ መግፋቱን ባዩ ጊዜ፣ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እንዳርፍ፣ ከዚያ ወዲያ ግን እንድመለስ ነገሩኝ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ ሴት በሰማንያ። ወንድ ነው ተብሎ እልል ሲባል፣ ምነው ሴት በሆነች፣ ሰማንያውን ቀን አገኝ ነበር ብዬ አሰብሁ። ወዲያው ደግሞ እግዚአብሔር እንዳይሰማኝ አማተብሁ።

ጡጦውን ያገኘችልኝ ጎረቤቴ፣ የባለሱቁ ሚስት ናት። እስላሞች ናቸው፤ አጥራችን አንድ ነው፤ ልጆቿን ስታሳድግ ያየኋት፣ ሳቂታ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። ባሏ ከባሕር ዳር ካስመጣው ዕቃ መካከል አንድ የመስተዋት ጡጦ ከነጎማው አውጥታ አመጣችልኝና፣ ይህ ዕቃ ሱቃችን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ነው የኖረው፣ አሁን እንኳ ወተት ይጠጣ አለችኝ።

ወደ ሥራ የምመለስበት ቀን ሳይደርስ ልጁን ከጡጦው ጋር ላለማምደው ሞከርሁ። ጡቴን በእጄ እያለብሁ ጡጦው ውስጥ እጨምራለሁ፤ ልጁ ጎማውን በምላሱ ይገፋዋል። ሽታዬን እንዳያገኝ ብዬ ጎረቤቴ ይዛው እኔ ከቤት ወጥቼ ከቀርከሃው አጥር ሥር እቆማለሁ። የሚያለቅሰውን እየሰማሁ እቆማለሁ፣ እቆማለሁ፣ ከዚያ አላስችል ይለኝና ገብቼ አጠባዋለሁ። ጎረቤቴ፣ አንቺ እዚህ ደጃፍ እያለሽ ይህ ልጅ ምን በወጣው ጎማ ይጠባል ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ሌሊት ሁሉ እያሰብሁት አድራለሁ፤ ጡጦውን እንቢ ካለ ምን ይበላል? እኔ እዚያ ሃሎ እያልሁ እሱ እዚህ ቢሞትስ?

አማቴ ስለዚህ ነገር ሰምተው መጡ። አገራቸው እንጅባራ አጠገብ፣ ጥርባ አካባቢ ነው። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከልጁና ከላማቸው ጋር በአገውኛ ነው የሚነጋገሩት። አዎ፣ ላማቸውን ነድተው ነው የመጡት፤ አንድ ዘመዳቸው ከፊት እየሳበ፣ እሳቸው ከኋላ ጥጃውን እየነዱ፣ መንገድ አድረው ዳንግላ ገቡ። ወተት ተገዝቶ ልጅ አያድግም፣ ወተት መሸጥም መግዛትም ነውር ነው አሉ። ጡጦውን ባዩት ጊዜ በሁለት ጣታቸው አንሥተው አገላበጡት።

«ጠርሙስ አረቄ የሚጠጣበት ነው» አሉኝ። «ልጁን ከአሁኑ ሰካራም ልታደርጊው ነው?»

እኔ ግን ምርጫ አልነበረኝም። የላሟን ወተት አፍልቼ፣ ውኃና ስኳር ጨምሬ አቀዘቀዝሁና ሞከርነው፤ አሁንም እንቢ አለ። ያን ጊዜ አማቴ ያልሠራሁት ነገር እንዳለ ነገሩኝ። ወተት ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ማን ይጠጣዋል? ይዘውት የመጡትን ትንሽ ቅል በወይራ ጭስ አጠኑት፤ ወተቱን ከድስት ወደ ቅሉ፣ ከቅሉ ወደ ጡጦው ገለበጡት። የጎማው ሽታ ጠፍቶ ወይራ ወይራ አለ። ልጁ አንድ ጊዜ ሳብ አደረገ፣ ፊቱን አኮማተረ፣ እንደገና ሳበ። አማቴ በአገውኛ የሆነ ነገር አሉት። ምን አሉት ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እንደ አባቱ ነው አልሁት፤ መጀመሪያ ይኮራል» አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ ጥር ላይ ሥራ ገባሁ። ጠዋት ወተቱን አፍልቼ፣ ጡጦውንና ጎማውን ቀቅዬ፣ ልጁን አጥብቼ እወጣለሁ። ላሟ ከከብቱ ጋር ለግጦሽ ወጥታ የምትመለሰው ማታ ስለሆነ የቀኑ ወተት የጠዋቱ ብቻ ነው። ቅሉ ውስጥ ሆኖ ከእንስራው ጎን፣ ከጥላው ይቀመጣል። አማቴ ልጁ ሲርበው ወደ ጡጦው ይገለብጡና፣ ከጎማው በእጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ አድርገው ይልሱታል። ከዚያ ነው የሚሰጡት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ለምሳ እረፍት እየሮጥሁ መጥቼ አጠባዋለሁ።

ስልክ ቤት ተቀምጬ ሐሳቤ ከቤት አይወጣም። ስልኩ ባቃጨለ ቁጥር፣ ልጅ ያለቀሰ ይመስል፣ ጡቴ ይፈስሳል። ከቀሚሴ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አድርጌ፣ በላዩ ነጠላዬን ደርቤ እቀመጣለሁ። አንዱ ከደብረ ማርቆስ ስለ እህል ይጮሃል፣ ሌላው ስለ ለቅሶ ይናገራል፤ እኔ ገመዱን እየነቀልሁና እየሰካሁ ቅሉን ከደኑት ይሆን፣ ዝንብ ገባበት ይሆን እላለሁ። እንዲያም ሆኖ ጥር በደህና አለፈ። ረቡዕና ዓርብ ልጁ ትንሽ ይነጫነጭ ነበር። እኔ ረቡዕና ዓርብ መሆኑን ልብ አላልሁትም፤ ልብ ያልሁት ኋላ ነው።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

የስልክ ቤቱ ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው። አለቃችንም ምሳ የሚበላ ከሌለ የምሳ ሰዓት ምን ያደርጋል ብለው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ በአንድ ወጥ እንድንሠራና ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንድንበተን አደረጉ። ሁሉም ደስ አለው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ገብቶ እህል ሊቀምስ ነው። እኔ ብቻ ወደ አለቃችን ጠጋ ብዬ ልጄን ስድስት ሰዓት ላይ እንደማጠባ ነገርኋቸው። በቁጣ አልነበረም የመለሱልኝ፤ እየመከሩኝ ነው። «ልጁ አያት አለው፣ ላም አለው» አሉኝ። «አንቺ ደግሞ ጾመኛ ነሽ። ስድስት ሰዓት ላይ እቤት ምን ትሠሪያለሽ?» ወንበሬን አሰብሁና ወደ ገመዴ ተመለስሁ።

እኔም እጾም ነበር። የምታጠባ ሴት ትንሽ ቀደም ብላ ብትበላ ክፉ የሚላት የለም፤ ግን ልጁ ክርስትና ከተነሣ ወዲህ ምን ምክንያት አለኝ ብዬ እስከ ዘጠኝ እቆይ ነበር። አማቴማ ነገራቸው ሌላ ነው። ውኃ እንኳ ከቅዳሴ በፊት አፋቸው አይገባም።

ልጁ መጀመሪያ የቀየረው ለቅሶውን ነው። ማታ ማታ ጉልበቱን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ያለቅሳል። ከዚያ ያስመልሰው ጀመር፤ ከዚያ ተቅማጥ። ጡጦውን ሲያይ ፊቱን ያዞራል ይሉኛል አማቴ፤ ሲርበው ይጠጣል፣ ከጠጣ በኋላ ያወጣዋል። የካቲት እያለፈ ሲሄድ የዳንግላ ፀሐይ በረታ፤ ልጄም እየከሳ ሄደ። ክንዱ ላይ የነበረው መታጠፊያ ጠፋ።

ሰው ሁሉ አንድ አንድ ነገር ነገረኝ። አንዱ ዓይን ነው አለ። አንዷ ላሟ ክፉ ቅጠል በልታ ይሆናል አለች፤ አማቴ በዚህ ተቀየሙ። እሳቸው ያሉኝ ሌላ ነው፤ ፀሐይ የመታው ጡት ነው አሉኝ። ከስልክ ቤት በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ እየሮጥሁ መጥቼ ወዲያው አጠባዋለሁ፣ የሞቀ ወተት ደግሞ ሆዱን ያቃጥለዋል ማለታቸው ነው። ስለዚህ ስመጣ አላጠባውም። ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ወተት መሬት ላይ አፈስሰዋለሁ፤ ጡቴ እስኪበርድ እጠብቃለሁ፤ ልጁ ፊት ለፊቴ ያለቅሳል። ያን አሁን ሳስበው፣ ለልጁ ከቀረው ነገር ሁሉ ደኅናውን ነበር አፈር የማጠጣው።

ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድሁት። ሕመምተኛ የሚያየው ድሬሰር ጎልማሳ ነው፣ ሥራ የበዛበት። ጡጦ ይጠባል ስለው፣ ጡጦ ካልተቀቀለ ገዳይ ነው አለኝ። እቀቅላለሁ አልሁት። የበለጠ ቀቅይ አለኝ። እኔም ቤት ገብቼ ጎማውን እስኪልሞሰሞስ ቀቀልሁት። ወተቱን ሁለት ጊዜ አፈላሁት። ድስቱን በአመድ ፈተግሁ፤ እጄን እስኪላጥ ታጠብሁ። ምንም የቀረኝ ነገር አልነበረም፤ ልጁ ግን እየባሰበት ሄደ። ሌሊት ተነሥቼ ትንፋሹን እሰማለሁ። ቆዳውን ቆንጠጥ ሳደርገው እንደ ጨርቅ ታጥፎ ይቆያል። ሥራውን ልተው ወይ ብዬ አሰብሁ፤ ደግሞ ሥራውን ትቼ ልጁ ቢሞትስ፣ ሁለቱንም ላጣ ነው ብዬ አሰብሁ። ጡቴም በጾሙና በማፍሰሱ እየቀነሰ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መስመር ተቆርጦ ስልኩ ሁሉ ዝም አለ። አለቃችን ሠራተኞች ሽቦውን እስኪጠግኑ ድረስ ወደየቤታችን እንድንሄድ ፈቀዱልን። ስድስት ሰዓት አለፍ ብሏል። ቤት ስደርስ አማቴ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ከቅሉ ወደ ጡጦው ወተት እየገለበጡ ነበር። ልጁ ጎናቸው ተኝቷል። ነጠላቸውን በአፍና በአፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረዋል፤ የወተቱ ፍንጣሪ እንኳ ወደ ከንፈራቸው እንዳይደርስ ነው። ጎማውን ገጠሙና ጡጦውን ወደ ልጁ አፍ ወሰዱ።

እጃቸውን ሳይ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደጎደለ ግን ወዲያው አልመጣልኝም። ከዚያ መጣልኝ።

«እማማ፣ ቀመሱት?» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ምኑን?»

«ወተቱን።»

«በሁዳዴ?» አሉ። ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «ምን አደረግሁሽ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር የምትጠይቂኝ?»

«ጥር ላይ እኮ እየቀመሱ ነበር የሚሰጡት።»

«ጥር ጥር ነው። ረቡዕና ዓርብስ መቼ ቀምሼ አውቃለሁ?» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «አንቺ ጠዋት ስታፈይው ትቀምሺው የለ?» አሉኝ።

«እኔም እኮ ጾመኛ ነኝ።»

ሁለታችንም ጡጦውን አየነው። እሳቸው እኔ የቀመስሁት መስሏቸዋል፤ እኔ እሳቸው እንደ ወትሮው የሚቀምሱ መስሎኛል። በጾም ወተት ትቀምሻለሽ ወይ ብሎ አንድ ክርስቲያን ሌላውን አይጠይቅም፤ ስድብ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳይቀምስ ያ ሁሉ ሳምንት አለፈ።

ጡጦውን ተቀበልኋቸውና አሸተትሁት። የሚሸተው ወይራ ብቻ ነው፤ ጥሩ፣ ንጹሕ የቅል ሽታ። በእጄ ጀርባ ላይ ጠብ አደረግሁ። አማቴ ምን ላደርግ እንደሆነ ገብቷቸው ፊታቸውን አዞሩ። ላስሁት። ወተት አልነበረም፤ አሬራም አልነበረም። ምላስ ጫፍ ላይ የሚቆረቁር፣ የተበላሸ ነገር ነበር። ጠዋት ሁለት ጊዜ ያፈላሁት ወተት በዚያ ሙቀት እስከ ቀትር አልቆየም፤ ጭሱ ደግሞ ሽታውን ደብቆታል። ከምላስ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ቅሉን ደጅ ደፋሁት። ልጁን ታቅፌ፣ ፀሐይ መታኝ አልመታኝ ሳልል፣ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጡቴን ሰጠሁት። ጥቂት ሳበና ደክሞት ተወው። ዓይኑ ግማሹ ተከፍቶ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥሁ፤ አማቴም ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ከኋላዬ ተከተሉኝ። ድሬሰሩ አይቶት፣ ቀጭን አጥሚት ስኳርና ትንሽ ጨው እየተጨመረ በማንኪያ ጠብ ጠብ እንዲደረግለት፣ ጡት ግን በፈለገ ቁጥር እንዲሰጠው ነገረኝ። ነገ በሕይወት ካመጣሽው ይድናል አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ። በማግሥቱ ወሰድሁት። ከዚያም በማግሥቱ። ሥራ ቤት ልጄ ሊሞት ነው ብዬ ላክሁባቸው፤ አለቃችን ጥቂት ቀን እንድቀመጥ ፈቀዱ፤ ከዚያ በላይ ግን እንደማይችሉ አብረው ላኩብኝ።

ልጁ እንደገና ማልቀስ ሲችል፣ አማቴን ስለ ወተቱ አነጋገርኋቸው። የነፍስ አባታቸውን ያስፈቅዱ፣ ጠብታ ነው፣ ለሕፃን ነው አልኋቸው። አልተቆጡም። ከወለዷቸው ልጆች የቀረላቸው የኔ ባል ብቻ እንደሆነ፣ እሱ በሕፃንነቱ ታሞ ሊሞት ሲል፣ ይህን ብቻ አትርፍልኝ እንጂ ሁዳዴን አንድ ቀን ሳልገድፍ እኖራለሁ ብለው እንደተሳሉ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ታመውም፣ መንገድ ላይ ሆነውም ገድፈው አያውቁም።

«አንቺ የምትይኝ ያንን ልጅ በዚህ ልጅ ለውጪ ነው» አሉኝ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም ለማለት አልደፈርሁም፤ ደግሞም አምን ነበር። ባሌ ያለው ድንጋይ በሚፈነዳበት፣ ወባ በሞላበት አገር ነው።

ያዳነችን የባለሱቁ ሚስት ናት። አጥር ላይ ተደግፋ የሆነውን ሁሉ ሰማችና፣ በዚህ ነው እንዴ ልጁን የምትገድሉት አለች። የናንተ ጾም እኔን አያገባኝም፣ የኔ ጾም ደግሞ አልፏል፤ እኔ እቀምስላችኋለሁ። አማቴ ፊታቸውን ወደ ልጁ አዞሩ። በእስላም አፍ የተቀመሰ ወተት ለክርስቲያን ልጅ እንዴት ይሆናል እንደሚሉ ገብቶኛል፤ እሷም ገብቷታል።

«አይዞዎት እማማ፣ አፌ ጡጦውን አይነካም» አለቻቸው። «እጄ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። እጄንም እታጠባለሁ።»

አማቴ የዚያን ቀን እሺም እንቢም አላሉም። ወደ ሥራ በተመለስሁ በማግሥቱ ግን፣ እንደ ነገሩኝ፣ ጡጦውን ይዘው ወደ አጥሩ ሄደው አቀበሏት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ደህና ከሆነ ለልጁ ይሰጡታል፤ ከኮመጠጠ ይደፋና ዘጠኝ ሰዓት እስክደርስ አጥሚቱን በማንኪያ ያቆዩታል። አንድ ቀን ጎረቤቴ እየቀለደች ከቅሉ አንድ ጉንጭ ተጎነጨችና በጣም ጥሩ ነው አለች። አማቴ፣ «ቅመሽ አልሁ እንጂ ጠጪ አልሁሽ?» ብለው ነጠቋት። ሁለቱ ሲሣሣቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ እሑድ ስለነበር ቤት ነበርሁ።

ልጁ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። ጉንጩ አልተመለሰም፣ ግን ያየኛል፣ ይስቃል። እኔም ከስልክ ቤት እንደመጣሁ የምደፋውን ወተት ተውሁ፤ አማቴ አይተው ምንም አላሉኝም። ሐሳቤ ግን አላረፈም። ጎረቤቴ ብትረሳስ፣ እንግዳ ቢመጣባትስ፣ ምላሷን ቢያማትስ? ስልኩ ባቃጨለ ቁጥር ከቤት የመጣ መርዶ ይመስለኛል፤ ቤታችን ስልክ እንደሌለ እያወቅሁ።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት ጎረቤቴ ዘመድ ሞቶባት በጠዋት መኪና ጥሊሊ ሄደች። እኔ ቀድሜያት ስለወጣሁ አልሰማሁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመጣ የልጁን ለቅሶ ከመንገዱ ሰማሁት፤ የረኃብ ለቅሶ ነው፣ ድምፁ የሰለለ። አማቴ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ ጭናቸው ላይ ነው፤ ቅሉ ተደፍቶ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ መሬቱ ርሷል። ፊታቸውን አላነሡልኝም።

«ወደ ሱቁ ሄድሁ፤ የለችም አሉኝ» አሉ። «አጥሚት ብሰጠው እንቢ አለኝ። እየተፋ እንቢ አለኝ። ወተቱን አየሁት፤ ነጭ ነው። አሸተትሁት፤ ወይራ ነው።»

ልጁን ከጭናቸው ወስጄ ጡቴን ሰጠሁት፤ ለቅሶው ሲቆም ነው የቀረውን የተናገሩት።

«ገደፍሁ» አሉ። «ኮምጥጧል። ደፋሁት።»

እግዜር ይስጥልኝ ልበል? እግዚአብሔር ይፍታዎት ልበል? ልጁ ይጠባል፤ እኔ የራሰውን መሬት አያለሁ። ባይቀምሱት ኖሮ ነጭ ነው፣ ወይራ ይሸታል ብለው ይሰጡት ነበር፤ ያ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ የሚችልበት አቅም አልነበረውም። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ግን ይህን ማወቃቸው አላጽናናቸውም፤ ዓይናቸው ወደ ጫግኒ መንገድ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄደው ተመለሱ። ካህኑ ለሕፃን ነፍስ የተደረገ ነውና ምንም የለብዎትም፣ ስእለቱንም እኔ ፈትቼዎታለሁ አሏቸው። ይህን ከነገሩኝ በኋላ፣ «እሳቸው ፈቱኝ፤ ምላሴን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉኝ። በየዓመቱ ለጸሎተ ሐሙስ ወደ ደብራቸው ሄደው ይቆርቡ ነበር። የዚያን ዓመት አልሄዱም። እንሂድ፣ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ ብላቸው፣ ላሟን ማን ያልባታል አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጫግኒ የሚመጣ የጭነት መኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ልጁን አዝለው መንገድ ዳር ይወጣሉ። ሾፌሮቹን ስለ ልጃቸው ይጠይቃሉ፤ አንዳንዱ አየሁት ይላል፣ አንዳንዱ አላውቀውም ይላል። እኔም ስልክ ቤት ተቀምጬ ከጫግኒ በኩል የሚመጣውን ወሬ ሁሉ ጆሮዬን አቁሜ እሰማ ጀመር። ልጄ ከዳነ በኋላ ባሌን እጠብቅ ጀመር፤ ለሁለት ሰው መጨነቅ ለካ ይቻላል።

ባሌ ለፋሲካ በደህና መጣ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ ከዚያ በቀር ምንም አልሆነም። እናቱ በሁለት እጃቸው ራሱን ይዘው፣ እንደ ሕፃን፣ ከፀጉሩ ሥር ጀምረው እስከ ትከሻው ዳሰሱት። ምን ሆናችሁ ብሎ ሳቀ። እኛ ምንም አልነገርነውም። ልጁን አንሥቶ፣ ምነው ቀለለ አለኝ፤ ታሞ ነበር አልሁት።

ባሌ ወደ ሥራው ተመለሰ። ስልክ ቤቱም የምሳ ሰዓቱን መለሰልኝ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም የማይጾምባቸው ናቸው። አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ስገባ አማቴ ወተቱን ወደ ጡጦው ገልብጠው፣ በእጃቸው ጀርባ ላይ ጠብ አድርገው ላሱት፤ ጥቂት አሰቡና «ደህና ነው» አሉ። ልጁ አራት ወር አልፎታል፤ ሁለት እጁን ወደ ጡጦው ዘረጋ። እኔ ስለመጣሁ ጡጦውን አስቀምጠው ልጁን አቀበሉኝና ቅሉን በጨርቅ ከደኑት።

ከሃምሳው በኋላ የሰኔ ጾም ይገባል። ሁለታችንም እናውቃለን። እሳቸውም አላነሡት፣ እኔም አላነሣሁት።